የቢሆነኝ ዝናር

አዛለች ከምንጭ ስትመለስ ባሏ ቢሆነኝ የጎተራውን ገብስ በቁና እየዛቀ ወደ ስልቻ ሲገለብጥ አገኘችው። እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ነቀዝ ገብቶበታል። ፀሐይ ላስመታው ነው።"

ነቀዝ ነው አላት። ቢሆነኝ ማረሱን ያርሳል፣ ማጨዱን ያጭዳል፣ አውድማ ላይ የሚስተካከለው የለም። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን ነቀዝ ይብላው፣ አይጥ ይብላው፣ ጉዳዩ ሆኖ አያውቅም። ከተጋቡ ጀምሮ እጁን ጎተራ ውስጥ የከተተበትን ቀን አዛለች አታስታውስም። ያ ሰውዬ ዛሬ ስለ ነቀዝ አሰበ።

ስለዚህ ገብሱን አላየችም። ያየችው ጎተራው የቆመበትን መሬት ነው። እዚያ ሥር የአባቱ ምንሽር በጮማ በራሰ የበግ ቆዳ ተጠቅልሎ ተቀብሯል። መንግሥት ከየቤቱ ጠመንጃ ሲለቅም ቢሆነኝ "አባቴ በሕይወቱ ሸጦታል" ብሎ ምሎ ያስቀረው ነው። በኋላ ያው መንግሥት ሚሊሻ አደረገውና ክላሽ ሰጠው። መሐላውንም ምንሽሩንም አብሮ ረሳው፤ ወይም አዛለች ረሳው ብላ ነበር። ሙሉ ጎተራ ለብቻ አይገፋም። ባዶውን ግን ሕፃንም ይገፋዋል።

"የነቀዙ ስም ማነው?" አለችው። "ወርቅነህ ነው?"

ቢሆነኝ ቁናውን ሞልቶ ገለበጠ።

በዚህ በጋይንት አገር ወንድ በአደባባይ ከተዋረደ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው ይላሉ ወንዶቹ፤ ወይ መግደል፣ ወይ ጫካ መግባት። የገደለም ያው ጫካ ነው የሚገባ፣ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ነው። ሴቶቹ ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቃሉ። እሱም ጠዋት ተነሥቶ በሬ መጥመድ ነው። ግን ማን ጠይቋቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአያ አስናቀ ለቅሶ ነው።

አያ አስናቀ ጎረቤታቸው ነበሩ። ሲሞቱ ቤታቸው አንድ ነገር ጎደለ። በዚህ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ዘመድ ተሸክሞት ይዞራል፣ አልቃሿ እሱን እያየች ግጥም ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ያን አይቶ ያነባል። ጠመንጃ የሌለው ለቅሶ የድሀ ተዝካር ይመስላል። የአያ አስናቀ ጠመንጃ ደግሞ ትጥቅ ሲሰበሰብ ተወስዷል፤ እሳቸው እንደ ቢሆነኝ መማል አያውቁበትም ነበር።

ልጃቸው ውባለም ፊቷን ቧጥጣ፣ ፀጉሯን ተላጭታ አዛለች ደጅ መጣች።

"እትዬ አዛለች፣ አባቴን ባዶ እጁን ላለቅሰው ነው? ዱላ ይዤ ልዙር?"

ቢሆነኝ እርሻ ላይ ነበር። ክላሹ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። አዛለች ማንንም አልጠየቀች። ጠመንጃውን አወረደች፣ ጥይቱን አውጥታ ሌማት ውስጥ ከተተች፣ አፈሙዙን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ "እንኪ" አለቻት። ልቧ ላይ አንድም ነገር አልከበዳት። እስከ ዛሬም አልከበዳትም። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ብረት ነው፣ ብረቱም የሚሄደው ሙት ሊሸኝ ነው።

አልቃሿ ጠመንጃውን ስታይ እንዲህ ብላ አወረደች፦

ባዶ እጁን ነው ብሎ ሞት ሊወስደው መጥቶ፣
ደንግጦ ተመልሷል ጠመንጃውን አይቶ።

ሜዳው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ቢሆነኝ ከእርሻው በቀጥታ ለቅሶ ሜዳ ደረሰና የገዛ ጠመንጃውን በአያ አስናቀ ወንድም ትከሻ ላይ አየው። ማንገቻው ላይ ባሰረው ቀይ ክር ነው የለየው። ዞሮ ሚስቱን ፈለጋት። አገኛት። ከዚያ እሱም ከሰው ጋር አለቀሰ።

ይኸን ወሬ አንድ አቀባይ ለወርቅነህ አደረሰለት።

ወርቅነህ የቀጠናው የሚሊሻ አዛዥ ነው። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ቡትስ ጫማ ይዞ መጣ። በዚያ ቡትስ ሰው እህል የሚያበራይበትን አውድማ ሳይቀር ይረግጥበታል። በኋላ ደግሞ ከተማ ለሥልጠና ላኩትና "ዲሲፕሊን" የምትባል ቃል ይዞ ተመለሰ። ሌላው ሰው በስመ አብ ብሎ እንደሚጀምር እሱ ዲሲፕሊን ብሎ ይጀምራል። እህል ሲወደድ ዲሲፕሊን ነው፣ ዝናብ ሲዘገይ ዲሲፕሊን ነው። በወንድሙ ሠርግ ላይ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ሲያርከፈክፍ አንዷ ጥይት ተመልሳ የጎረቤት ፍየል ገደለች። የፍየሏስ ነገር ምን ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ "በውስጥ ተገምግሟል" ተባለ። ግምገማው በውስጥ ይሁን፣ ፍየሏ ግን በአደባባይ ነው የሞተች።

የቢሆነኝ ነገር በውስጥ አልሆነም። ወርቅነህ አርብን ጠበቀ። አርብ ገበያ ሰው ከየአፋፉ በእግሩም በአህያውም ይመጣል፣ እሱም የሚፈልገው ያን ሰው ነው። ሚሊሾቹን በአህያ ተራና በበርበሬ ተራ መካከል አሰለፋቸው። አዛለች ከሽንኩርቷ ኋላ ተቀምጣ ነበርና አንድም ነገር አላመለጣት።

"በጓዳ የተቀጣ አንድ ሰው ነው" አለ ወርቅነህ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "በገበያ የተቀጣ ግን ሺህ ሰው ነው። ሺህ ሰው እንዲማር ነው አደባባይ ያወጣሁት። የመንግሥት መሣሪያ የሙት መሸኛ አይደለም። ቢሆነኝ፣ ወደ ፊት።"

ቢሆነኝ ወጣ።

"ጠመንጃውን ለለቅሶ ማን ሰጠው?"

አዛለች አፏን ከፈተች። ቢሆነኝ በሰው መካከል አያት። እንዴት አድርጎ እንዳያት እግዜር ይወቀው፣ አፏ ተመልሶ ተዘጋ። ከተወለደች ጀምሮ አፏን የዘጋላት ሰው የለም። በዚያች ቀን ተዘጋ፣ ያም ነው እስካሁን የሚያንገበግባት።

"እኔ ነኝ የሰጠሁ" አለ ቢሆነኝ።

ወርቅነህ ቀረበና ዝናሩን በገዛ እጁ ፈታው። ቀስ ብሎ ነው የፈታው፣ የሙሽራ ልብስ የሚያወልቅ ይመስል። ክላሹን ተቀበለው፣ ቆቡን አወረደው፣ ከዚያም ገበያው እስኪፈታ ፀሐይ ላይ ቁጢጥ አስባለው። በርበሬ ሻጮቹ እንኳ ፊታቸውን አዞሩ። አንድ ሽማግሌ አህያውን ሊሸጥ መጥቶ ነበር፣ ሳይሸጥ ጎትቷት ሄደ።

በዚያው ማታ አዛለች እራቱን አቀረበችለትና እሱ ሳይቆርስ እሷ ቆረሰች።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት እላለሁ። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ።"

"ትያለሽ። ከዚያ እኔ ሚስቱ ጠመንጃውን ከምሰሶ አውርዳ የምታድልበት ሰው እሆናለሁ።"

"ታዲያ አይደለህም?"

"አዛለች፣ ይኸ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። የኔና የአንቺ ነው።"

ወንድ እንዲህ ነው። ገበያ መካከል ቁጢጥ ብሎ መዋል ይችላል፣ ሚስቱ ቀደመችኝ ማለት ግን አይችልም። አዛለች ለወርቅነህ ያላት ንቀት ለባሏም ትንሽ ተረፈው።

ከወርቅነህ በፊት አዛዥ የነበሩት አሥር አለቃ እንየው እንዲህ አልነበሩም። ሚሊሻ ሲያጠፋ ከቤታቸው ኋላ፣ ከቅንጭቡ አጥር ወዲያ ይወስዱታል። እዚያ ምን እንደሚሉት የሰማ የለም። ሰውየው ጆሮው ቀልቶ ይወጣል፣ ጠላ ይቀዱለታል፣ ቤቱ ይሄዳል። አንዴ ጥበቃ ላይ የተኛን ሚሊሻ ጠመንጃውን ከእቅፉ አውጥተው ደበቁበት። ሰውየው ግማሽ ቀን እያለቀሰ ሲፈልግ ዋለ፣ ከአጥሩ ኋላ በአንድ ጥፊ መለሱለት። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ቤቱም ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደውም ይባላል። ይኸን አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ያየ ግን የለም። መታወቅና መታየት ደግሞ አንድ አይደለም። የታወቀብህን ነገር ሰው ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ይምርሃል። ያየህ ግን አይቶሃል፣ ምን ይሁን።

ይኸን ሲያወሩ ሰዎች እንየውን መልአክ ያደርጓቸዋል። አዛለች ግን ከዚያው ቅንጭብ ኋላ አንድ ሰው ጆሮው ቀልቶ ብቻ ሳይሆን ደምቶ ሲወጣ አይታለች። ያንንም ያየ የለም ተባለ። አጥር ውርደትን እንደሚሸፍን ዱላንም ይሸፍናል። ስለዚህ ጓዳ ይሻላል አደባባይ ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር "ማን ነው አጥሩን የሚያጥረው?" ብላ ነው የምትመልስ። ለትልቁ ሰው ጥፋት አጥር አለ፣ ለትንሹ ሰው ጥፋት ገበያ።

ነገሩን ሊያበርዱ መሪጌታ ተክለ ማርያም ገቡበት። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ ሰው የሚያፍራቸው ሽማግሌ ናቸው። ወርቅነህ ዘንድ ሄደው፣ ረቡዕ ዕለት ተመልሰው መጥተው መደብ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ ቢሆነኝ፣ ወርቅነህ እሺ ብሏል" አሉ። "ቢሮው ብትሄድ ዝናሩንም መሣሪያውንም ይሰጥሃል። ይቅርታም ይልሃል። በግል ነው ታዲያ።"

"በግል ማለት ምን ማለት ነው አባ?" አለች አዛለች።

"በሩን ዘግቶ ነዋ።"

"ሲያወርድ በገበያ፣ ሲያነሣ በጓዳ?"

"በአደባባይ የቀጣሁትን በአደባባይ ካነሣሁ ሥርዓት ይፈርሳል ነው የሚለው።"

"የሚፈርሰው ሥርዓት አይደለም አባ። እሱ ነው።"

መሪጌታ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና ወደ ቢሆነኝ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"እሺ አባ" አለ ቢሆነኝ።

እንዲሁ እሺ አለ፤ አልተከራከረም፣ አልተቆጣም፣ መሪጌታን እስከ አጥሩ ሸኛቸው። አዛለች የጠረጠረችው ያን ጊዜ ነው። ባሏ ስለ ማረሻ ሞፈር እንኳ ሳይጨቃጨቅ እሺ ብሎ አያውቅም። በቀላሉ እሺ ያለ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ገብሱን ሊያወጣ ተነሣ።

እንግዲህ አዛለች እንስራዋን አወረደች። አልጮኸችም፣ እግሩ ላይም አልወደቀችም፤ እንዲህ ያለ ነገር አያምርባትም። ሰሌኑን ከጓዳ አውጥታ ደጅ ላይ ዘረጋችለት።

"ቀጭን አድርገህ አስጣው" አለችው። "በወፍራሙ አይደርቅም። ዛሬም ነገም ፀሐይ ይፈልጋል።"

ቢሆነኝ በጥርጣሬ አያት። እሷ ግን ዝቅ ብላ ገብሱን በእጇ ታሰጣ ጀመር። ሰው ሊሞት ወይም ጫካ ሊገባ ሲል እንኳ ገብስ ሳይደርቅ ጥሎ አይሄድም፤ ገበሬ ነውና ገብሱ ያስረዋል። አርብን ማግኘት ነው የፈለገችው፤ አገኘችው።

አርብ ጠዋት ቢሆነኝ ገብሱን ከዶሮ ሲጠብቅ አዛለች ወፍጮዋ ዘንድ ገባች። መጁን አነሣችው። እናቷ የሰጠቻት፣ መሐሉ ከመፍጨት ብዛት የሰረጎደ፣ ጠብሰቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። በነጠላዋ ጠቅልላ አዝላው ወጣች። ቢሆነኝ ቀና ብሎ አየ።

"መጁን ወዴት?"

"ላስወቅረው ነው። ልሟል።"

መጅ ማስወቀር የሴት ጉዳይ ነው፣ ወንድ ሁለተኛ አይጠይቅበትም።

ገበያው መግቢያ ላይ ስትደርስ መጁን ከጀርባዋ አውርዳ ማጅራቷ ላይ ጫነችው። አንገቷን ደፋች። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይቅርታ ፈላጊ ነው፤ ደም ያፈሰሰ ሰው እንኳ እንዲህ ሆኖ ከመጣ መንገድ ይለቁለታል። ሰው ዞር ዞር እያለ አሳለፋት። በርበሬ ተራ ስትደርስ ኋላዋ የተከተላት ሰው ታቦት ያጀበ ይመስል ነበር።

ወርቅነህ እንደ ልማዱ ሚሊሾቹን አሰልፎ ይናገራል። ከሰልፉ ፊት ሄዳ ቆመች። ንግግሩ ከመሐሉ ተቋረጠ።

"እትዬ አዛለች፣ ምንድን ነው ይኸ?"

"ድንጋይ ነው ጌታው።"

"ድንጋዩንማ አየሁት። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ባልሽ ነው። እሱም ቢሮ ነው የሚመጣ፣ ከመሪጌታ ጋር ተነጋግረናል።"

"ባሌ ያጠፋው የለም" አለች፣ ከበርበሬ ተራ እስከ አህያ ተራ በሚሰማ ድምፅ። "ጠመንጃውን ከምሰሶ አውርጄ ለውባለም የሰጠሁ እኔ ነኝ። እሱ እርሻ ላይ ነበር። አላስፈቀድሁትም። ባለፈው አርብ ማን ሰጠ ብለህ ስትጠይቅ ለኔ ብሎ ነው የዋሸህ። አጥፊዋ እኔ ነኝና ልቀጣ መጥቻለሁ። ሥርዓት አይደል ያልህ?"

ከገበያው ሁሉ አህያ ብቻ ናት የጮኸች።

"የሚፈታ ዝናር የለኝም" አለች አዛለች። አንድ እጇን ከመጁ ላይ አንሥታ ወገቧን አሳየችው። "ያለኝ መቀነት ነው። ና ፍታው።"

ወርቅነህ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

"ና እንጂ። ቀስ ብለህ ፍታው ደግሞ፣ የባሌን ቀስ ብለህ ነው የፈታኸው።"

ከቅቤ ሻጮቹ በኩል አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ አፏንም በነጠላዋ ያዘች፤ ግን የተበጠሰ ሳቅ አይቋጠርም፣ ወዲያው ሌላዋ ቀጠለች። ሚሊሾቹ መሬት መሬት ያያሉ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

"ሴትዮ፣ አደብ ያዢ" አለ ወርቅነህ። ፊቱ በርበሬ ተራ የገባ መስሏል። "ነይ፣ ቢሮ ገብተን እንነጋገር።"

"ቢሮ በር አለው። ገበያ በር የለውም። በጓዳ የተቀጣ አንድ ሰው ነው ያልህ አንተው ነህ። እኔንም ለሺህ ሰው አስተምርብኝ እንጂ፣ ምን አነሰኝ።"

"አንቺ ሲቪል ነሽ። ዲሲፕሊኑ አንቺን አይመለከትም።"

"እኔን አይመለከትም። እሱ ደግሞ አልሰጠም። ታዲያ ባለፈው አርብ ፀሐይ ላይ የዋለው ማን ነው?"

ወርቅነህ ትንሽ አሰበ፣ ያገኘ መሰለው። "መሣሪያውን በጥንቃቄ አላስቀመጠም። ሴት የምታወርደው ቦታ ሰቅሎታል።"

"ይኸ እውነት ነው" አለች አዛለች። አንገቷ እየተቆረጠ ነበር፣ ግን እውነት ሲሆን እውነት ነው ትላለች። "ለዚህ ጥፋቱ ጠርተህ 'ቢሆነኝ፣ ከፍ አድርገህ ስቀለው' ብትለው ይበቃው ነበር። ሺህ ሰው ስለ ምስማር ምን አገባው?"

ያን ጊዜ የቅቤ ተራው ብቻ አይደለም የሳቀው።

መሪጌታ ተክለ ማርያም ጧፍ ሊገዙ መጥተው ነበር። በዱላቸው ሰውን ገለል ገለል እያደረጉ ወደ ፊት ወጡ።

"ልጄ ወርቅነህ፣ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ቆሞ አይውልም። እንኳን አንተ ደሙ የፈሰሰበትም ያነሣል። ስለ ማርያም አንሣላት።"

ማንሣት ይቅር ማለት ነው። ይቅር ካለ ቢሆነኝን በከንቱ ቀጥቷል፣ ለዚያውም በሺህ ሰው ፊት። ካላነሣ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋይንትም በስማዳም ሰላም የሚለው ሰው አያገኝም። ወርቅነህ ቡትሱን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ ከዚያም ቀርቦ መጁን ከማጅራቷ ላይ አነሣ።

መጅ የተሸከመ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም ክብደቱን አልጠበቀም፣ እጁ ወደ ታች ሸሸበት፣ ቡትሱ ላይ ሊለቀው ትንሽ ቀረው። በሁለት እጁ ሆዱ ላይ አቅፎት ቀረ። የሚያስቀምጥበትም ቦታ የለው፤ መሬት ቢጥለው ንቀት ነው፣ ይዞት ቢቆም ከሚሊሾቹ ፊት እህል ሊፈጭ የተነሣ ይመስላል። አዛለች አንገቷን አሸችና ገበያው ሁሉ በደንብ አይቶ እስኪጨርስ ትንሽ ጠበቀች።

"መጄን ስጠኝ ጌታው" አለችው በኋላ። "ለነገ የምፈጨው አለኝ።"

ተቀበለችው፣ አዘለችው፣ ሄደች።

ወሬ ከሰው እግር ይፈጥናልና ቤቷ ስትደርስ ቢሆነኝ ሰምቷል። ገብሱ መካከል ተቀምጧል፣ ዶሮዎቹ ከአጠገቡ ይለቅማሉ፣ እሽ እንኳ አላላቸውም።

"አይወጣም ብዬሽ ነበር" አለ።

"ወጣ።"

"አሁን ገበያው ሁሉ ስለኔ ያወራል።"

"ስለ ወርቅነህ ነው የሚያወራ። አንተ ማን ነህና ነው ስላንተ የሚወራ?"

ቢሆነኝ አንድ እፍኝ ገብስ አነሣና በመዳፉ አገላበጠው። ዶሮዎቹን አሁን አባረራቸው።

"መቀነትሽን ቢፈታው ኖሮስ?" አላት።

"ያን ጊዜማ ጎተራውን እኔው እገፋልህ ነበር።"

ቢሆነኝ ቀና ብሎ አያት። ለካ ታውቃለች። ከሐሙስ ጀምሮ ሰሌን እያነጠፈች፣ ገብስ እያሰጣች ታውቃለች። ገብሱን ከመዳፉ አራገፈ። ከዚያ ተነሣና ስልቻውን ያዘ። አዛለች በቁና እየሰፈረች ትጨምራለች፣ እሱ ተሸክሞ ጎተራው ውስጥ ይገለብጣል። እውነትም ገብሱ ነቀዝ ነበረበት። "አላልሁሽም?" አላት፣ ይኸችን እንኳ ላሸንፍ ብሎ። አዛለች ይኸችን ተወችለት፣ ለአንድ ቀን ይበቃዋል።

ጎተራው ሊሞላ ሲል ከሚሊሾቹ አንዱ በአጥሩ ክፍት ገባ። ጋቢውን እስከ ጉልበቱ ደርቧል፣ በዚያ ፀሐይ።

"ከጋቢህ ሥር ምን ይዘሃል?" አለችው አዛለች።

"ዝናሩን ነው። አዛዡ ነው የላከኝ። ሰው ሳያይ ስጥ ብሎ ነው።" ግራና ቀኝ አየ። "ክላሹንም ሰኞ ይውሰድ ብሏል። በኋላው በር በኩል።"

አዛለች ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ቢሆነኝ ቀደማት።

"መልስለት" አለ። "አርብ ነው የፈታው። አርብ ያስታጥቀኝ።"

ሚሊሻው ዝናሩን መልሶ ከጋቢው ሥር ደበቀና ሄደ። አዛለች ቁናዋን ሞላች። የከፈተችውን አፍ ሳትናገርበት ዘጋችው፣ በዚህኛው ግን አልተቆጨችም።

ወርቅነህ በቀጣዩ አርብ ገበያ አልወጣም። ስብሰባ አለበት ተባለ። በሚቀጥለውም ሌላ ነገር አለበት ተባለ። ሚሊሾቹን መናገር ሲያምረው አሁን ቢሮው ውስጥ ሰብስቦ፣ በሩን ዘግቶ ነው ይባላል፤ ዲሲፕሊን በዝግ ቤት ሆኗል። ቅቤ ሻጮቹ ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡ፣ እጃቸው ቅቤ ሲመዝን አፋቸው ይኸን ይላል፦

ዝናር ፈታሁ ብሎ በገበያ ፎክሮ፣
መቀነት ቢሰጡት ቢሮ ገባ ዞሮ።

ዝናሩ ቢሮው ግድግዳ ላይ፣ ከምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ቢሆነኝ ያርሳል። ሚሊሻነቱን ይመልሱለት አይመልሱለት አይጠይቅም፣ የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው። ነቀዝ ግን መፍራት ጀምሯል። በየጊዜው እየመጣ ጎተራውን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ሙሉ መሆኑን ሰምቶ ይሄዳል። አዛለችም መጉደል ሲጀምር ከሌላ ስልቻ ትሞላዋለች።